ደግመው አይጠይቁም

ሞንትቤሎ፣ ዴንቨር
ኖቬምበር 7 ቀን 2004

ይድረስ ለተወደዱ ጋሽ ይመር፤ ደሴ

የጦሳን ብርድ የሚያስችል አምላክ ጉልበትዎን ያጽና፣ ዓይንዎንም ያብራ። እኔና ዘውዱ በጌታ ቸርነት አለን። ጆሮዎ ለስልክ አልታዘዝ ካለ ወዲህ እኔም እንደ ድሮ ሰው በብዕር ማውራት ለምጃለሁ። “ማን ልበል?” እያሉ ካርዴን ከሚጨርሱብኝ ይሄ ይሻላል።

ያዘዙኝን የንባብ መነጽር ገዝቻለሁ፤ ለገና ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አላጣም። ለጉባኤያችሁ የጠየቁኝን ድምፅ ማጉያ ግን ትንሽ ይታገሡኝ። እርስዎ ሲሰብኩ እንኳን ጸሎት ቤቱ አራዳም ይሰማ ነበርና ለጊዜው የሚቸገር ያለ አይመስለኝም።

የምንሰበሰብበትን ቤት ጠይቀውኝ ነበር። ቤቱ ሜቶዲስት የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነው። ዴንቨር አልቆ አውሮራ የሚጀምርበት ላይ፣ ድሮ የአየር ኃይል ሰፈር ከነበረው ሎውሪ አጠገብ ነው። ጠዋት እነሱ ላይኛው አዳራሽ ያመልካሉ፣ ከሰዓት እኛ ሐበሾቹ ምድር ቤቱን እንይዛለን። እነሱ ስልዎ ብዙ እንዳይመስሉዎ፤ ሽበታም ጥቁር አሜሪካውያንና ጥቂት ነጭ ባልቴቶች ናቸው። እኛ ወንበር ስንሞላ እነሱ ወንበር ይመርጣሉ።

አሁን የደረሰብኝን ልንገርዎ። ምድር ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ አለ። ከገባን ጀምሮ የምሳ ድስታችንን የምንደረድረው እዚያ ላይ ነው። ባለፈው እሁድ ከሥሩ የፈሰሰ ወጥ ልጠርግ ብዬ ወደ ፊት ሳብኩት። በግድግዳው በኩል የነበረው ፊቱ ላይ በትልልቅ ፊደል “ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት” የሚለው የጌታ ቃል ተቀርጾበታል። ጋሽ ይመር፣ በጌታ ራት ገበታ ላይ ነው ሽሮ ስናፈስ የኖርነው!

ሮጬ ሚስ አልበርታን ጠራኋት። ሚስ አልበርታ ከጥቁሮቹ ምእመናን የሁሉ ታላቅ ናት፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። የቤቱን ቁልፍ የምትሰጠን እሷ ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ ሁሉ ይስቃል። ደረጃውን በምርኩዝ ወርዳ እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና “አባቴ ነው የሠራው” አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሜቶዲስቶቹ ለጥቁር ለብቻ፣ ለነጭ ለብቻ የቤተ ክርስቲያን አውራጃ ነበራቸው። እነሚስ አልበርታ ፋይቭ ፖይንትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳቸው ቄስ፣ የራሳቸው አለቃም ነበራቸው። በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ “ከእንግዲህ በቀለም መለያየት ቀርቷል፣ አንድ አውራጃ እንሁን” ተባለ። እነሱም የዘመናት ጸሎታቸው ነበርና እልል ብለው ተቀበሉ። አንድ መሆን ማለት ግን የእነሱ ቤት ተሽጦ፣ የእነሱ ቄስ ሩቅ ተልኮ፣ እነሱ ወደ ነጮቹ ቤት መግባት ሆነ። ላይ የነጮቹ ገበታ ስለነበረ የአባቷ ገበታ ምድር ቤት ወረደ። ነጮቹም ወዲያው አንድ በአንድ ወደ ዳር ከተማ ሄዱ።

ይቅርታ ብላት ትከሻዋ ሳቀ። “ሃኒ፣ ሠላሳ ዓመት የቀለም ቆርቆሮ ነው የተቀመጠበት። ምግብ ያስቀመጣችሁበት እናንተ ናችሁ” አለችኝ።

ጋሽ ይመር፣ ይህችን ሴት እወዳታለሁ። አሁን ጭንቅ ላይ ናት። አውራጃው ለጥቂት ሽማግሌዎች ይህን የሚያህል ቤት ማሞቅ አልቻልንም ብሏል። በጃንዋሪ ስብሰባ አለ። ወይ ይዘጋል፣ ወይ ደግሞ እኛን ጨምሮ አንድ ጉባኤ ይሆናል። ሚስ አልበርታ የልብ ሕመምተኛ ናት። “ባሌን ከዚህ ቤት ሸኝቻለሁ፤ እኔንም ከዚህ ሸኙኝ። ዳግመኛ አልፈናቀልም” አለችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ እሺ ብያታለሁ። በጸሎት ያግዙኝ።

የእርስዎው ሠርካዲስ


ደሴ
ኅዳር 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርካዲስ

የእናትሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞሽ ይገኝ። ዘውዱንም ከመኪና አደጋ ይጠብቅልሽ። እኔ አለሁ፤ ጆሮ ቢከዳኝ አፍ አልከዳኝም።

ስለ ገበታው አብሽሪ፤ ጌታ ከዓሣ አጥማጆች ጋር የበላ ነው፣ ሽሮ አይጸየፍም። ጠርገሽ አስቀምጪው እንጂ አታልቅሺበት። የዚያችን ባልቴት ነገር ግን ለጉባኤው አነበብኩት፤ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። እኛም በሚሲዮኖቹ ዘመን እነሱ ወንበር ላይ፣ እኛ ከኋላ ምንጣፍ ላይ ነበርን። ያው አንድ ወንጌል ነበር የሚሰበክልን።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የዘነቡን መቃብር አረም እነቅላለሁ። መቼም ታስታውሻለሽ፤ እትዬሽ ስታርፍ “ጴንጤ ናት” ተብሎ ደብሩ አላስገባ ቢለን በጸሎት ቤታችን ጓሮ ነው ያሳረፍናት። ከጎኗ ለእኔ የሚሆን ቦታ ድንጋይ ደርድሬ ከልያለሁ። ልጆቹ “አባባ ይመር ቤት እየሠራ ነው” እያሉ ይስቁብኛል።

ስለ ስብሰባው አንድ ምክር ልስጥሽ። አንቺ አፍሽ ይቀድማል፤ ዘውዱ ይናገር። ዘውዱ ጨዋ ነው፣ የሰው ፊት ያውቃል። ፈረንጆቹ ስግብግብ እንዳይሉን፤ ረጋ ይበል፣ አይቸኩል። ሐበሻ መሆናችንን በጨዋነታችን ይወቁት።

የድምፅ ማጉያውን ነገር አደራ። መነጽሩንም እንዲሁ።

አባትሽ ይመር


ሞንትቤሎ፣ ዴንቨር
ጃንዋሪ 30 ቀን 2005

ይድረስ ለጋሽ ይመር

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ጌታ በዕድሜዎ ላይ ዕድሜ ይጨምርልዎ። ልቤ ግን ከስሏልና ዛሬ ሰላምታ አላስረዝምም።

ምክርዎ ከስብሰባው በፊት ደረሰ። ዘውዱ ደብዳቤዎን አንብቦ ደረቱን ነፋ፤ “ጋሽ ይመር ያውቁኛል” አለኝ። ክራቫቱን አስሮ ሄደ። ላይኛው አዳራሽ ሁላችንም ተቀመጥን፤ እነሱ በቀኝ፣ እኛ በግራ። የአውራጃው ኃላፊ ነጭ ነው፣ ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ደጉ ኃላፊ ተነሣና ዘውዱን እያየ “ይህን ቤት ተረክባችሁ፣ አባል ሆናችሁ፣ ከእነሚስ አልበርታ ጋር አንድ ጉባኤ መሆን ትፈልጋላችሁ?” ብሎ ጠየቀ። በግልጽ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው የጠየቀው። የእኛ ሰዎች ለዚህ ቀን ሳምንቱን ሙሉ ጾመዋል። ዘውዱ ተነሣ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ምን አለ መሰለዎ? “ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ። እኛ ለእናንተ ሸክም መሆን አንፈልግም። እስካሁን የሰጣችሁን ይበቃናል።”

ተቀመጠ። እኔም ቢሆን አልደነገጥኩም፤ እውነቱን ልንገርዎ። የእኛ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደስ አለን፣ እንዴት ያለ ጨዋ ንግግር ነው አልን። ማዕድ የቀረበለት እንግዳ “በልቼ ነው የመጣሁት” ይል የለ? ባለቤቱ “በሞቴ፣ አፈር ስሆን” ይላል፣ እንግዳው እጁን ይታጠባል። ሁላችንም በሞቴ እስኪለን እየጠበቅን ነው። ሰውየው “አይ አንደርስታንድ፣ ቴንክ ዩ ፎር ዩር ኦነስቲ” አለ፤ ገባኝ፣ እውነቱን ስለነገራችሁን አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ወደሚቀጥለው ነገር ሄደ። ጸሐፊዋ ጻፈች። ከዚያ ቤቱ ይዘጋ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ። ሚስ አልበርታ ብቻዋን ተቃወመች፤ እኛ እንግዶች ነንና ድምፅ የለንም።

ፓርኪንጉ ላይ በበረዶ ውስጥ እጄን ያዘችኝ። ንግግራችን እንዲህ ነበር፦

“ባልሽ ለምን አይሆንም አለ?”

“አይሆንም አላለም፣ ሚስ አልበርታ።”

“በጆሮዬ ነው የሰማሁት።”

“እንደሱ ማለቱ አይደለም። ደግሞ ይጠይቀናል ብሎ ነው።”

“ሃኒ፣ ደግመው አይጠይቁም። እኛንም አንድ ጊዜ ነው የጠየቁን። እኛ እሺ አልን፣ እናንተ አይሆንም አላችሁ፤ ይኸው ሁላችንም አንድ ቦታ ደረስን።”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዘውዱ ታክሲውን አስነስቶ “እንዴት ነበር ንግግሬ?” ሲለኝ በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። አሁን አኩርፌዋለሁ፤ ከእሱ ጋር በምልክት ነው የምንነጋገረው። ምን ላድርግ፣ ጋሽ ይመር?

ሠርካዲስ


ደሴ
መጋቢት 4 ቀን 1997 ዓ.ም.

ልጄ ሠርካዲስ

እግዚአብሔር የተሰበረውን የሚጠግን ነውና ልብሽን ይጠግን። ደብዳቤሽን ይዤ አምሽቼ አልተኛሁም። ዘውዱን የላክሁት እኔው ነኝ። ምን ዓይነት አገር ነው በአንድ እንቢታ ግብዣ የሚቀርበት? ሰው እንዴት ሳይለመን ይበላል?

ቢሆንም ገና አልመሸም። ሽማግሌ ላኩ። አንድ ሰው አይሂድ፣ ሸበት ያሉትን ምረጡ፣ ነጠላ ይልበሱ። ድንጋይም ቢሆን ሽማግሌ ደጁ ከቆመ ይራራል። ጉዳያችሁ ሳይፈጸም እንዳትቀመጡ።

መነጽሩ ደርሶኛል፣ ተባረኪ። ድምፅ ማጉያውን ተዪው፤ አያስፈልግም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ዋና ቢሮ የመጡ ልጆች ግቢያችንን በሜትር ሲለኩ ዋሉ። ሦስቱ ትንንሽ ጉባኤዎች አንድ ሆነው፣ መንገድ ዳር ባለው በእኛው ግቢ ታላቅ አዳራሽ ሊሠራ ነው አሉ። ትልቅ ነገር ነው፣ ደስ ብሎናል። የሚያስተባብረው ስለሺ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ።

አንድ ነገር ጠይቀሽ ጻፊልኝ። የእነዚያ የጥቁሮቹ የመጀመሪያ ቤት ሲሸጥ መሬቱ ምን ሆነ? በጓሮው የተቀበረ ሰው ነበር? ከነበረስ ወዴት ወሰዱት? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አባትሽ ይመር


ሞንትቤሎ፣ ዴንቨር
ጁን 12 ቀን 2005

ይድረስ ለጋሽ ይመር

የልጅነቴን ወንጌል ያስተማረኝ አንደበትዎ አይድከም፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዘግይቼ መጻፌ ደስ የሚል ነገር እስካገኝ ብዬ ነበር። አላገኘሁም።

እንዳሉት ሽማግሌ ላክን። ዘውዱ ሄደ፣ አቶ ተክለሚካኤልም ሄዱ። አቶ ተክለሚካኤል አስመራ ያደጉ ሰው ናቸው፤ አማርኛን በትምህርት ቤት ተምረው ከእኛ አሳምረው ይናገሩታል፣ ሽበታቸውም እንደ ጥጥ ነው። እኔም በአስተርጓሚነት ሄድኩ። ነጠላችንን አጣፍተን ከቢሮው በር ላይ ቆምን። ሰውየው ከወንበሩ ብድግ አለ፣ ቡናና ዶናት አቀረበ፣ ወንበር ሳበ። አቶ ተክለሚካኤል “የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም” አሉ፤ ተረጎምኩ። ሰውየው ሰዓቱን አየና “ከቸኮላችሁማ አላቆያችሁም” አለን።

ጋሽ ይመር፣ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ቆመን ለመንነው። “አይሆንም ያልነው እሺ ለማለት ነበር” አልኩት። ሲሰማኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የምሬን ነው። “በጊዜው ብትነግሩኝ ኖሮ” አለ። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ድምፁ ከላይ ጸድቋል፣ ገዢም ተገኝቷል። ይቅርታ እየጠየቀ እስከ መኪናችን ሸኘን።

ትናንት የመዝጊያ ጸሎት ነበር። አውራጃው ያሳተመውን የታሪክ መጽሐፍ ለሁሉ አደሉ። ሚስ አልበርታ የራሷን ዘመን ፈልጋ አነበበችልኝ፦ “በዚያ ዓመት ሁለቱ ጉባኤዎች በፍቅር ተዋሃዱ።” ያቺው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ስለ ቤታቸው መሸጥ፣ ስለ አባቷ ገበታ፣ ስለ ቄሳቸው ምንም የለም። “ደግ ነው፤ ቢያንስ ፍቅር አሉት” አለችና መጽሐፉን መሐረቧ ውስጥ ጠቀለለችው። ትከሻዋ አልሳቀም።

ዕቃ ሲከፋፈል ሰውየው ወደ እኔ መጥቶ “ከዚህ የምትፈልጊው ነገር አለ?” አለኝ። አፉን ሳይዘጋ “የስ! ጠረጴዛውን!” ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሁን ጋራዣችን ውስጥ ነው። ጉባኤያችን የሱቅ ጀርባ ተከራይቷል፣ ጠረጴዛው ግን በበሩ አልገባ አለ።

የጠየቁኝን ጠይቄአለሁ። የድሮው ቤታቸው ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እነሱ የሚቀበሩት ከከተማ ውጭ ስለሆነ በግቢው መቃብር አልነበረም። ለምን ጠየቁኝ? እባክዎ ይንገሩኝ። የእትዬ ዘነቡ ነገር ነው?

ሠርካዲስ


ሞንትቤሎ፣ ዴንቨር
ኦክቶበር 2 ቀን 2005

ይድረስ ለጋሽ ይመር

አዲሱን ዓመት በጤና አስጀምሮዎት ከሆነ ምስጋና ለአምላክ ይሁን። መልስዎ ስለቀረ ፈርቻለሁ። ታመዋል? ወይስ ተቀይመውኛል?

ሚስ አልበርታ አረፈች። እንግልውድ በሚባለው ሰፈር ተቀጥሬ የማስታምማቸው አረጋውያን ዘንድ ሆኜ ነው ስልክ የተደወለልኝ። የገዛውን ሰው ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ቤቱን ክፈትልን ብዬ ለመንኩት። ኢንሹራንስ አይፈቅድም አለኝ። የአውራጃውን ኃላፊ ለመንኩ፤ አሁን የእኔ አይደለም አለ። አበባ ግን ላከ።

ጸሎቱ በቀብር አስፈጻሚዎች አዳራሽ ሆነ። ምንጣፉ የሆቴል ይመስላል። ወደ መቃብር ስንሄድ ከፊት የነበረው ዘውዱ ነው። ማንንም ሳያማክር ታክሲውን ወደ ሎውሪ ጠመዘዘው፤ የሬሳው መኪናም ተከተለ፣ ሁላችንም ተከተልን። በተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመ። ወረድን። በሩ ላይ አዲስ ሰንሰለት አለ። ከዘማሪዎቿ የቀሩት ሁለት ባልቴቶች መዝሙር አነሡ፤ ቃሉን አላወቅነውም፣ በአፍንጫችን አጀብናቸው። አንድ መኪና ከኋላ ጥሩምባውን ነፋብን። መዝሙሩ ሲያልቅ ተሳፈርን።

አፌን ሞልቼ እሺ ያልኩት ነገር በሰንሰለት ፊት እንዲህ አለቀ። ጠረጴዛው ጋራዥ ውስጥ ነው፣ የዘውዱ ታክሲ ደጅ ብርድ ላይ ያድራል። አላማረረም። እኔ ግን ዛሬም እንደ ሰው አላናገርኩትም፤ ባየሁት ቁጥር ያቺ “ኖ፣ ኖ” ትሰማኛለች።

እርስዎን ግን ልለምንዎ። ስለ ግቢው ቢጠይቁዎት ጨዋነቱን ይተዉት። አይሆንም ይበሉ፤ ጮኸው ይበሉት።

ሠርካዲስ


ደሴ
ኅዳር 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ ሠርካዲስ

ያቺን ደግ ሴት ያሳረፈ አምላክ አንቺንም በሰላም ያኑርሽ። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩሽም። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ገባሁ። እስከ በሩ ድረስ እያጠናሁ ነበር፤ “አይሆንም፣ ዘነቡን አላስነካም።” አዳራሹ ሞልቷል። ስለሺ ስለ አንድነት ብዙ ተናገረ፤ ጆሮዬ የያዘው ጥቂቱን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ እንድሰማው ጎንበስ ብሎ፣ በአክብሮት “አባታችን፣ ስለ ግቢው እርስዎ ምን ይላሉ?” አለኝ።

ተነሣሁ፣ ሠርካዲስ። ሕዝቡ ሁሉ አየኝ። እጄ ወደ ኪሴ ሳይሆን ወደ ደረቴ ሄደ። “እኔ ማን ነኝና፤ እናንተ እንዳላችሁ” አልኩ።

በሞቴ እንዲለኝ ጠበቅሁ። ያሳደግሁት ልጅ ነው፣ ሐበሻ ነው፣ ባህሉን ያውቃል። “አሜን! አባታችን ባረኩልን!” አለ። አጨበጨቡ፣ ተጻፈ። ደግመው የማይጠይቁት ፈረንጆች ብቻ መስለውኝ ነበር።

ሲበተኑ አልሄድኩም። ምናልባት የሚመለስ ሰው ካለ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ስለሺ ሲያልፍ ጉልበቴን ሳመኝ። ዘበኛው መብራት አጥፍቶ “አባባ፣ ልቆልፍ ነው” እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ለአዳራሹ መሠረት ይቆፍራሉ። የዘነቡን ዐፅም ወዴት እንደምወስድ አላውቅም። ሽማግሌ ልላክ ብል ሽማግሌው እኔ ነኝ።

ከእንግዲህ ከአንቺ የምፈልገው መነጽርም ማጉያም አይደለም። እባክሽ ልጄ፣ ዘውዱን አናግሪው።

ይመር